ባለ ሥዕል የፋርስ የታሪክ መጻሕፍትን እንዴት እንመርምር?

በነገሥታት ትእዛዝ የተዘጋጀ የፋርስ የታሪክ መጽሐፍ ሲገለጥ ዓይን ወደ ሥዕሉ ይሮጣል። ምርመራው ግን ከጽሕፈቱ ይጀምር፤ ቁም ጸሐፊው ለሥዕል ቦታ እየተወ ቀድሞ ይጽፋል፣ ሠዓሊው የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ክፈቱ። ጸሐፊው ስሙንና ዓመቱን የሚያኖረው እዚያ ነው። ዓመቱ በሂጅራ (በእስልምና አቆጣጠር) ስለሆነ በ0.97 አባዙና 622 ደምሩበት። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ለሄራት ገዥ ለሱልጣን ሁሴን ባይቀራ የተዘጋጀው የ«ዘፈርናማ» (የድል አድራጊው የቲሙር ታሪክ) ቅጂ 872 ይላል፤ ስሌቱ 1467 ወይም 1468 እ.ኤ.አ. ይሰጣል። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ ደግሞ 7 ወይም 8 ቀንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ዓመት ለሥዕሎቹም ሲሰጥ ነው። ዓመቱ የጽሕፈቱ ብቻ ነው። የዚሁ መጽሐፍ ሥዕሎች ከጽሕፈቱ ዓመታት ዘግይተው እንደተሠሩ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። የታላቁ ሠዓሊ የቤህዛድ ናቸው የሚባለውም በዋናነት የሕንዱ ሙጋል ንጉሥ ጃሃንጊር መጽሐፉ ላይ በጻፈው ማስታወሻ ነው፤ እሱ ደግሞ የነገሠው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ የባለቤቶችን ማኅተምና ማስታወሻ ከጸሐፊው ቃል ለይታችሁ መዝግቡ።

ቀጥሎ የገጾቹን ቅደም ተከተል አረጋግጡ። መጽሐፉ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ዘፈርናማ» ላይ ያሉት 12 ባለ ሥዕል ገጾች ጥንድ ጥንድ ሆነው 6 ትዕይንት ይሠራሉ፤ በኮምፒውተር አንድ አንድ ገጽ ካያችሁ ግን ግማሹን ጦርነት ሙሉ አድርጋችሁ ትወስዳላችሁ። የሁለት ገጽ እይታን ምረጡ። በቀኝ በኩል ካለው ገጽ ግርጌ፣ በግራ ጥጉ፣ አንዲት ቃል ብቻዋን ተጽፋ ብታገኙ የቀጣዩ ገጽ መነሻ ናት። ካልገጠመች የመጽሐፉ አንድ ወረቀት ጎድሏል ወይም ተዛውሯል።

ወደ ቀለሙ ስትመጡ ጥቁሩን ሁሉ ጥቁር ነው ብላችሁ አትለፉ። በ1314 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢራን ከተማ በታብሪዝ በተሠራው፣ የፋርሱ ሚኒስትርና ታሪክ ጸሐፊ የራሺድ አድ-ዲን የዓለም ታሪክ ቅጂ ላይ ልብስና ፊት ለማድመቅ የተቀባው ብር ከጊዜ ብዛት ጠቁሯል፤ ዛሬ ጥላ የሚመስለው ያኔ የሚያበራ ነበር። ከመዳብ ዝገት የሚሠራው አረንጓዴም ወረቀቱን ይበላል። የገጹን ጀርባ ብታዩ ቡናማ ሆኖ የሥዕሉን ቅርጽ ይዞ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

ተገንጥሎ ለሽያጭ የቀረበ ነጠላ ገጽ ሲያጋጥማችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። አሮጌ የጽሕፈት ገጽ ላይ አዲስ ሥዕል እየሠሩ የሚሸጡ አሉ። በአጉሊ መነጽር የሥዕሉን ጠርዝ ተከተሉ፦ ቀለሙ ፊደል ላይ ወጥቶ ከተኛ፣ ቦታው አስቀድሞ ለሥዕል አልተተወም ማለት ነው። ፋርስኛ ለሚያነብ ሰውም አሳዩት፤ ጽሕፈቱ ስለ ሰዋስው ወይም ስለ ሕክምና እያወራ ሥዕሉ ንጉሥ በፈረስ ካሳየ፣ ገጹን አትግዙት።