ከጥብቅና ወደ ዩኒቨርሲቲ አመራር፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሴት ጠበቆች

ከችሎት ወጥተሽ ዲን ወይም ምክትል ፕሬዝዳንት መሆን ካሰብሽ መጀመሪያ መምህር ሁኚ። የአካዳሚክ ሹመት ማዕረግ ይጠይቃል። በሁለተኛ ዲግሪ ሌክቸረር ሆነሽ ትገቢያለሽ፤ ለረዳት ፕሮፌሰርነት የተለመደው መንገድ ፒኤችዲ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ያለ ታተመ ምርምር አይገኝም። ቅርብ ያሉት በሮች የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ሁለቱም ሕግ ያስተምራሉ። በቅጥር ላይ ብዙ ጠበቆችን የሚጥለው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። የግል ጠበቃ ልምዷን የምታሳየው በታደሰ ፈቃድና በግብር ክሊራንስ ስለሆነ አንድም ዓመት ሳታጓድዪ ሰድረሽ ያዢ።

የያዝሻቸውን መዛግብት ሳትገቢ በፊት ዝጊ ወይም አስተላልፊ። የክረምቱ የፍርድ ቤት ዕረፍት ለዚህ ይመቻል። ደንበኛሽ ሰነዱንና ቀሪ ገንዘቡን በፊርማ ይረከብ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የሚከራከር ደንበኛ ካለሽ ገና ውል ሳትፈርሚ አሳውቂ፤ ነገሩን ሌላ ሰው ቀድሞ ካነሳው ማብራሪያሽን የሚሰማ አታገኚም።

ከገባሽ በኋላ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ን እና የዩኒቨርሲቲሽን የሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። ከኮሚቴዎች የዲሲፕሊኑን ምረጪ፤ ከሱ የሚበልጥ ትምህርት ቤት የለም። የፈተና ኩረጃን እንይ። «ተማሪው ሲኮርጅ ተገኘ» የሚል የፈታኝ ሪፖርት ብቻውን አይቆምም። የተያዘው ወረቀት ከመልስ ወረቀቱ ጋር ተያይዟል? ሰዓቱና ክፍሉ ተጽፏል? ሁለተኛው ፈታኝ ፈርሟል? ተማሪው ክሱ በጽሑፍ ደርሶት መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አግኝቷል? እነዚህ ሲጓደሉ ቅጣቱ ይግባኝ ላይ ይፈርሳል። ቃለ ጉባኤው የተገኙትንና የቀሩትን፣ የምልዐተ ጉባኤውን መሟላት፣ የድምፁን ውጤትና የውሳኔውን ምክንያት ይያዝ። አባላቱ ሳይበተኑ አስፈርሚ፤ አንዴ ከተበተኑ ፊርማ ስትለምኚ ትከርሚያለሽ።

በእኛ አካባቢ ብዙ ሐሳብ የሚበስለው ከሰዓት በኋላ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ነው፤ ሴት መምህራን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሉም። አጀንዳው ከነሰነዱ ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲደርስሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ውጭ ተመክሮበት የመጣ ነገር ካለ ምክንያቱ በጉባኤው ፊት እንደገና ይነገር፤ ይመዝገብም።

የትምህርት ክፍል ኃላፊነትን አትናቂው። የኮርስ ድልድልና የውጤት ቅሬታ የሚታወቀው እዚያ ነው። ዲን ስትሆኚ ደግሞ የጥብቅና ልማድሽ ይፈትንሻል፤ ባልደረባሽን እንደ ተከራካሪ ወገን አትያዢ። ውልንም ራስሽ አርቅቀሽ ራስሽ አትፈርሚ። ብትችዪም እንኳ የሕግ አገልግሎት ክፍሉ አስተያየቱን በጽሑፍ ይስጥ።

የሕግ ሰው በብዛት የሚሰናከለው ገንዘብ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የግዢ ፍላጎትሽ በዓመቱ መጀመሪያ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ ግንቦት ላይ ትጣደፊያለሽ፤ የችኮላ ግዢ ደግሞ የኦዲት ግኝት ይወልዳል። ስለዚህ ዝርዝር መግለጫውን ቀድመሽ አዘጋጂ፣ በየወሩ ከፋይናንስ ክፍሉ የወጪና ቀሪ ሪፖርት ተቀበዪ፤ በየበጀት ርዕሱ ምን ያህል እንደቀረሽ ሳታዪ አንድም የክፍያ ጥያቄ አታጽድቂ።

የሴቶች ጉዳይን እንድትመሪ ከተጠየቅሽ ሥራው ክቡር ነው፤ ትንኮሳ ደርሶባት ለምትመጣ ተማሪ የሕግ ዕውቀትሽ ትልቅ ጋሻ ነው። ሆኖም የራሱ በጀት እንዳለው አረጋግጪ፣ ማስተማርሽንና ምርምርሽን አታቋርጪ። ሴቶች እዚያ ተመድበው ዓመታት ሲያልፉ ማዕረጋቸው ባለበት ይቆማል፤ ለቀጣዩ ውድድርም ነጥብ ያጣሉ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንትን ቦርዱ ያቀርባል፣ ሚኒስትሩ ይሾማል። ለውድድሩ የምታቀርቢው ዕቅድ «የትምህርት ጥራትን አሻሽላለሁ» በሚል አይሞላ። የትኛው ቤተ ሙከራ፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ሩብ ዓመት፣ በማን ኃላፊነት እንደሚሠራ ጻፊ፤ ገምጋሚዎቹ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።