የቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስባትን ታካሚ ሐኪም እንዴት ለይቶ ይረዳታል?

ክንዷ የተሰበረ ሴት «አዳልጦኝ ወደቅሁ» ትላለች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሐኪሙ የሚጠይቃትን ሁሉ እሱ ይመልሳል። አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ግን መዳፉን ስለሚያስቀድም ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የእጁ አንጓ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት መሐሉ ላይ ብቻውን ሲሰበር፣ እጅ ፊትን ከዱላ ለመከላከል ተነሥቶ እንደነበር መጠርጠር ይገባል።

የመጀመሪያው ሥራ ቁስሉና ታሪኩ መገጣጠማቸውን ማየት ነው። ቀለማቸው የተለያየ በለዞች፣ በእርግዝና ጊዜ ሆድ ወይም ጡት ላይ የደረሰ ጉዳት፣ መነሻው የማይታወቅ የራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይዛ የምትመላለስ ሴት ያሳስባሉ። በተለይ አንገትን አትለፉት። የታነቀች ሴት ቆዳዋ ላይ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ ድምፅዋ ከሻከረ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ዐይኗ ውስጥ ደም የመሰሉ ነጠብጣቦች ካሉ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ታንቃ እንደሆነም ጠይቁ። ባሏ አንቋት የሚያውቅ ሴት በእሱ እጅ የመገደል አደጋዋ ከፍ ያለ ነው።

ቀጥሎ ለብቻዋ አድርጓት። «ለምርመራ ልብስ ስለምታወልቅ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ይበቃል። አስተርጓሚ ካስፈለገ ባል፣ አማት ወይም ልጅ አይሁን። ባሏ እየሰማ መጠየቅ ካለመጠየቅ የከፋ ነው፤ ማታ ቤት ስትገባ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት።

በሩ ሲዘጋ ሳትሸማቀቁ በግልጽ ጠይቁ፦ «እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ጉዳት አንዳንድ ጊዜ በቤት ሰው እጅ ይደርሳል። አንቺን የመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው አለ?» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ገበናዋን ለማውጣት ስንት ዓመት እንደፈጀባት አታውቁም። «ምን አድርገሽው ነው?»፣ «ለምን አትፈቺውም?»፣ «በሽማግሌ ጨርሱት» የሚሉት ሦስቱም አፏን ያዘጓታል። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ከካደችም አታስጨንቋት፤ በፈለገች ጊዜ መምጣት እንደምትችል ትወቅ።

ከመሄዷ በፊት ዛሬ ቤት መግባት ያስፈራት እንደሆነ፣ ድብደባው እየባሰ እንደሆነ፣ መሣሪያ እንዳለው፣ እገድልሻለሁ ብሏት እንደሆነ ጠይቁ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ሌሊቱን የምታሳልፍበትን ቦታ አብራችሁ ፈልጉ፤ በሆስፒታሉ አልጋ ማስተኛትም አንድ መላ ነው።

ተደፍራ ከሆነ ሰዓት ቁጠሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በ120 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ሁለቱም በፈጠነ ቁጥር ይሻላል።

መዝገቡን ስትጽፉ ቃሏን እንደተናገረችው በትእምርተ ጥቅስ አስፍሩ፤ የቁስሉን ቦታ፣ መጠኑን በሴንቲ ሜትር፣ ቀለሙን መዝግቡ። በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም ጥቃት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ተደንግጓል፤ ፍርድ ቤት ስትቆም ይህ ወረቀት ምስክሯ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ያገናኘ ማእከል አለው፤ ለነፃ የሕግ ምክር የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ወዴት እንደምትሄድ ግን የምትወስነው እሷ ናት። ይዛው በምትሄደው የቀጠሮ ወረቀት ላይ ስለ ጥቃቱ አንዲት ቃል አትጻፉ፤ «ለክንድ ክትትል» ብቻ ይበል።