ሻይ ሲጠቁር፣ ከርከዴ ሲወይብ፦ ጥፋቱ የቅጠሉ ነው የውሃው?

ድሬዳዋ ላይ ሻይ አልሆን ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ቅጠሉ ነው። እኔ ግን በቅድሚያ ውሃውንና ዕቃውን እዩ እላለሁ። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን፣ ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ፣ ከርከዴን የሚያቀላው አንቶሲያኒን፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረታ ብረት ሲያገኙ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የኦክስጅን አተሞቻቸው እንደ ጉጠት ቆንጥጠው ይይዙታል። ቀለሙም ጣዕሙም የሚለወጠው ያኔ ነው።

ችግር፦ ሻዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይንሳፈፋል።
መንስኤ፦ የከተማው የጉድጓድ ውሃ በኖራ ድንጋይ መሃል ስለሚያልፍ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። የሐረማያ ሐይቅ ከሸሸ ወዲህ ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል የጉድጓድ ውሃ ስለሚመጣላት ችግሩን ትጋራለች። በዚህ ውሃ ውስጥ ታኒኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ሽፋን ይሠራል።
መፍትሄ፦ ውሃውን ቀድሞ ማፍላት፣ ማስቀመጥ፣ ሲጠል ዝቃጩን ሳይነኩ ከላይ መቅዳት። ለቸኮለ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ አሲዱ ባይካርቦኔቱን ይበትናል፣ ካልሲየሙንም ራሱ ይይዘዋል።

ችግር፦ ሻዩ ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ይሆናል።
መንስኤ፦ ብረት፣ ማለትም የዛገ ቧንቧ፣ በርሜል ወይም ልባሱ የተላጠ ማንቆርቆሪያ። ብረትና ታኒን ተገናኝተው የሚሰጡት ጥቁር ድሮ የመጻፊያ ቀለም ይሠራበት ነበር። ለማረጋገጥ ጠዋት ቧንቧው እንደተከፈተ የሚወርደውን ውሃ በአንድ ብርጭቆ፣ ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ ያለውን በሌላ ይቅዱ፤ በሁለቱም ላይ እኩል የቀዘቀዘ ሻይ ጨምሩ። የመጀመሪያው ብቻ ከጠቆረ ጥፋቱ የቧንቧው ነው፤ ሁለቱም ከጠቆሩ ከዚያ ወዲያ ነው።
መፍትሄ፦ የመጀመሪያውን ውሃ ለአትክልት ማዋል፤ የቀረውን በሰፊ ዕቃ ማሳደር። ብረቱ አየር ሲያገኝ ዝገት ሆኖ ይዘቅጣል።

ችግር፦ ከርከዴው ቅላቱን ትቶ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል።
መንስኤ፦ የአልሙኒየም ድስት ወይም ባይካርቦኔት በዝቶበት የከርከዴውን አሲድ የሚያበርድ ውሃ።
መፍትሄ፦ በስቴንለስ ወይም ልባሱ ባልተላጠ ድስት ማፍላት። ሁመርም (የታማሪንድ ፍሬ መጠጥ) ኮምጣጣ ስለሆነ አልሙኒየም ውስጥ አይደር።

ችግር፦ የደም ማነስ ተብሎ የብረት ክኒን የታዘዘላት ነፍሰ ጡር ለውጥ አታይም።
መንስኤ፦ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ግን ክኒኑን በሻይ ትውጠው እንደሆነ ጠይቋት። ብርጭቆ ውስጥ የሚያጠቁረው ትስስር ሆድ ውስጥም ብረቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል።
መፍትሄ፦ ክኒኑን በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ መዋጥ፤ ሻይና ቡናውን ቢያንስ ለ2 ሰዓት ማራቅ፤ ለውጥ ከሌለ ወደ ጤና ጣቢያው መመለስ።