የገናን ጾም በሦስቱ ምስባኮች መያዝ

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። 40ው ቀን የነቢያት ነው፤ 3ቱ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን በግብፅ ያለው የሙቀጠም ተራራ ይፈልስ ዘንድ ለተጾመው መታሰቢያ ነው፤ በመጨረሻ ገሃድ፣ የልደት ዋዜማ ጾም፣ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይበረታል፤ ድካሙ የሚመጣው ታኅሣሥ ከገባ በኋላ ነው። ሦስቱ ታላላቅ እሑዶች፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፣ የሚውሉትም ያኔ ነው።

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ቢሮ የሚውል ሰው የአዘቦቱን የጾም ቅዳሴ አይደርስበትም፤ ከቀትር በኋላ ስለሚቀደስ ከሥራ ሰዓት ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የእሑዱን ምስባክ፣ ከወንጌሉ በፊት የሚዜመውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ ይዛችሁ ሳምንቱን ሰንብቱበት።

ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው እሑድ ነው። ምስባኩ «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይላል፤ እጅህን ከአርያም ላክ ማለት ነው (መዝ 143፥7)። ወንጌሉ ዮሐንስ 1፥44 እስከ ምዕራፉ መጨረሻ፣ ፊልጶስ ናትናኤልን ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አገኘነው የሚልበት ነው። ብርሃን ከ14 እስከ 20 ይውላል፦ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» (መዝ 42፥3)፤ ወንጌሉ የዮሐንስ መጀመሪያ። ኖላዊ ከ21 እስከ 27፦ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» (መዝ 79፥1)፤ ወንጌሉ ዮሐንስ 10፣ የመልካሙ እረኛ። ልመናው እንዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ እጅህን፣ ቀጥሎ ብርሃንህን ላክ ይላል፤ በሦስተኛው እረኛውን ራሱን አድምጠን ብሎ ይጠራል።

ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ምስባኩን 3 ጊዜ በቃል በሉት። ማታ ከወንጌሉ 4 ወይም 5 ቁጥር ብቻ አንብቡ፤ ኢሳይያስን 66ቱንም ምዕራፍ እጨርሳለሁ ብሎ የጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሳይሞላው ያቆማል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ የመዝሙሩ ቁጥር የግዕዙ ነው፤ ብዙዎቹ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች በአንድ ይበልጣሉ። 143ን ከፍታችሁ ቃሉን ካጣችሁት 144 ላይ ፈልጉ።

ምግቡ ላይ ብዙ አንልም፤ ሽሮው፣ ምስሩና የሱፍ ፍትፍቱ ይታወቃል። ከተማ ውስጥ ጾም የሚያስገድፈው ሥጋ ቤት ሳይሆን ልማድ ነው፤ ካፌ ገብቶ ሳያስቡት ማኪያቶ ማዘዝ፣ ዳቦው ቅቤ ወይም እንቁላል ይኑረው አይኑረው ሳይጠይቁ መግዛት።

ከሁሉ የሚከብደው ገሃድ ነው። ወጥ የምትሠራዋ ሴት ሌሊቱን ምድጃ ሥር ታሳልፍና ማኅሌቱ ያመልጣታል። ይህ መቅረት ያለበት ነገር ነው። ለአንድ ዶሮ የሚሆነውን 2 ኪሎ ሽንኩርት በ27 ክተፉ፤ በዘይትና በበርበሬ አቁላልታችሁ አሳድሩት። በ28 ቀን ዶሮውንና ቅቤውን ጨምሩ። ጨው መቅመስ ስለማይቻል የበዛ ጨው አይመለስም፤ ከለመዳችሁት ግማሹን ብቻ ጨምሩና ቀሪውን ጾሙ ሲፈታ አስተካክሉ። ወይም ያልጾመ ሕፃን ያቅምስ፤ ሕፃን ግን ሁልጊዜ ጣፈጠ ነው የሚለው።

አመሻሹ ላይ ትንሽ ተኙ። አራዳ ጊዮርጊስም ሆነ ቅድስት ሥላሴ ከቅጥሩ ውጭ የሚቆመው ሕዝብ ብዙ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል፣ ከነጠላው ላይ ጋቢ ደርቡ። ጧፉ ሰሙን ነጠላ ላይ ያንጠባጥባል፤ ታችኛውን ጫፍ በወረቀት ጠቅልላችሁ ከሰውነት ራቅ አድርጋችሁ ያዙት። የሌሊት ታክሲ ስለሚጠፋ መመለሻውን ከጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ጾሙ ይፈታል፤ ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግን ሆድ ቅቤን በአንዴ አይችልም። በትኩስ አጥሚት ጀምሩ፣ ዶሮው ነግቶ ይቀርባል።