የኬዳህን ታሪክ ከግብሩ ተነሥቶ ማጥናት

በሰሜን ምዕራብ ማሌዥያ የምትገኘው ኬዳህ በሲያም (በዛሬዋ ታይላንድ)፣ በብሪታንያና በጃፓን እጅ በየተራ ስላለፈች፣ ታሪኳን የሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ የገዢዎቹን ስም ደርድሮ ያበቃል። ይህ አካሄድ ሱልጣኖቹን ከገዛ ታሪካቸው ያስወጣቸዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለዳግማዊ ምኒልክ እየገበሩ ጅማን ራሳቸው ሲያስተዳድሩ መቆየታቸውን ለምናውቅ ለእኛ ለጅማ አንባቢዎች ግን የሚቀርበው በር ግብሩ ነው።

በመጀመሪያ ኬዳህ በየሦስት ዓመቱ ወደ ባንኮክ ትልከው የነበረውን የወርቅና የብር ዛፍ ያጥኑ፤ ማላዮቹ «ቡንጋ ማስ» ይሉታል፣ የወርቅ አበባ ማለት ነው። ሲያም የመገዛት ምልክት አድርጋ ስትቀበለው ኬዳህ ግን የወዳጅነት ስጦታ ትለው ስለነበር፣ ሁለቱንም ትርጉም ጎን ለጎን ይጻፉ።

ከዚያ በ1786 ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆዩ፤ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። ሱልጣን አብዱላህ የፔናንግን ደሴት ለእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የለቀቁት ከሲያም የሚጠብቃቸው ኃይል ፈልገው ነበር። ኩባንያው ደሴቲቱን ወሰደ፣ ጥበቃውን ግን ነፈጋቸው። በ1791 ደሴቲቱን በኃይል ለማስመለስ ሞክረው ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት ውል በዓመት 6,000 የስፔን ዶላር ሊከፈላቸው ተስማሙ። ሲያም በ1821 ኬዳህን ስትወር ሱልጣን አህመድ ታጁዲን የሸሹት ወደዚያችው ፔናንግ ነበር፤ ዙፋናቸውን መልሰው ያገኙት በ1842 ነው። በእኔ እምነት ክህደቱን ሳያዩ ወረራውን መረዳት አይቻልም።

የዓመተ ምሕረቱን ነገር አደራ። እስካሁን የጠቀስኳቸውም ሆኑ ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ሳልል የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ ከእኛው ጋር አይደባልቁ፤ ለምሳሌ ሲያም ኬዳህን፣ ፐርሊስን፣ ከላንታንንና ተሬንጋኑን ለብሪታንያ ያስተላለፈችበት የመጋቢት 10 ቀን 1909 ውል በእኛ መጋቢት 1 ቀን 1901 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ይህን ውል ሲያነቡ ፈራሚዎቹን ይቁጠሩ፤ ከአራቱ ግዛቶች ገዢዎች አንድም አልነበረበትም።

የጃፓን ዘመን አጭር ስለሆነ በጥቂት መስመር ያልፋል፤ ነገር ግን ጃፓን በ1943 ኬዳህን ለታይላንድ፣ ማለትም ለቀድሞዋ ሲያም፣ መልሳ መስጠቷ እንዳያመልጥዎ። ብሪታንያ በ1945 እስክትመለስ ድረስ በጊዜ መስመርዎ ላይ የባንኮክ ስም ለሁለተኛ ጊዜ መጻፍ አለበት።