በክረምት ስሜንን በእግር ለምትጓዙ፦ የቦርሳችሁን ውስጥ ላስቲክ አልብሱት

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት የዝናብ ወራት በስሜን ተራሮች ያለ ጓደኛ የሚጓዝ ሰው ዋናው ችግሩ ቀን የሚደበድበው ዝናብ ሳይሆን፣ ማታ ማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ሲደርስ የመኝታ ልብሱን ረጥቦ ማግኘቱ ነው። ሁለቱም ሰፈሮች ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሌሊቱ ክፉኛ ይበርዳል፤ አብሮት የሚሄደው ስካውትም (የፓርኩ ጠባቂም) ቢሆን የሚያውሰው ትርፍ ጋቢ አይኖረውም።

ስለዚህ ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ሳትነሡ ወፈር ያለ ትልቅ ፌስታል ገዝታችሁ ባዶው ቦርሳ ውስጥ ዘርጉት፣ የመኝታ ከረጢቱንና ደረቅ ልብሱን ከከተታችሁ በኋላ አየሩን ተጭናችሁ አስወጡ፣ አፉን ጠምዝዙና አጥፋችሁ በላስቲክ እሰሩት። ከላይ የሚለበሰው የቦርሳ ሽፋን ብዙ ብር ቢያስወጣም የቦርሳውን ጀርባ አይሸፍንም፤ ከአንገት ወርዶ በጀርባ የሚፈሰው ውኃ በማንገቻው ስፌት በኩል ሰርጎ ይገባል፣ ነፋስም ሽፋኑን ይገልበዋል። ፌስታሉ ግን ስፌት ስለሌለው ቦርሳው ቢበሰብስም ውስጡ ያለው አይነካም።

የረጠበ ካልሲ ወይም ሹራብ አብራችሁ አትክተቱ፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ደረቁንም ያረጥበዋል። የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ጠንካራ ቢሆንም የኬሚካል ቅሪት ስለማይጠፋው ለልብስ አልመክረውም።