ሆድሽ ከመግፋቱ በፊት፦ ባህር ማዶ ለምትወልድ የድሬ ልጅ

እንኳን ደስ አለሽ! አሁን በቀጥታ ወደ ወረቀቱ እንግባ።

ውጭ አገር ስትወልጂ ሐኪሙም፣ አልጋውም፣ ክትትሉም እዚያው አለ። ቀጠሮሽን ካከበርሽ ሌላውን ሥርዓቱ ራሱ ይመራሻል። ራስ የሚያዞረው ድሬ የቀረው ነገር ነው። ያላወጣሽው የልደት ሰርተፊኬት፣ ያልተመዘገበ ጋብቻ፣ ሳቢያን ያከራየሽው ቤት፣ ገንደ ቆሬ ሆና "መቼ ነው የምመጣው?" የምትል እናት። እነዚህን "ከወለድኩ በኋላ እደርስባቸዋለሁ" ማለት ዘበት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስታጠቢ አድረሽ፣ ጠዋት ቀበሌ ሰው ልከሽ፣ ከሰዓት ኤምባሲ ልትደውይ? አይሆንም። እርግዝናው እንደታወቀ ሰሞን ጀምሪ።

(አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው። ድሬ አንቱታ ብዙም እንደማይሆንልን ታውቂያለሽ። ባልም አንብበው፤ ግማሹ ሥራ ያንተ ነው።)

ምሳሌዎቼ ባብዛኛው ከጀርመን ናቸው። አሜሪካና ገልፍ ያላችሁትን በየመሃሉ አነሳለሁ።

ልጁ ሳይወለድ ያንቺ ልደት ይመዝገብ

ጀርመን ውስጥ የተወለደ ልጅ በ1 ሳምንት ውስጥ ሽታንደስአምት ለሚባለው መዝገብ ቤት መታወቅ አለበት። መዝገብ ቤቱ የሁለታችሁንም የልደት ሰርተፊኬት ይጠይቃል። የተጋባችሁ ከሆነ የጋብቻ ወረቀትም ይጨመራል። ሁሉም በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ መተርጎም አለበት። ወረቀቱ ከጎደለ ወይም ከተጠራጠሩት ልጁ የወላጁ ማንነት አልተረጋገጠም የሚል ማስታወሻ ያለበት ወረቀት ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ኪንደርጌልዱም (የልጅ ድጎማው) ኤልተርንጌልዱም (ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ የሚከፈለው ገንዘብ) ከዚህ ምዝገባ ነው የሚነሱት። ኤልተርንጌልድ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፈለው ለ3 ወር ብቻ ነው። ወረቀት እየጠበቅሽ አራት አምስት ወር ካለፈ ያለፈው ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ በዚህ በኩል እድለኞች ናችሁ። ሆስፒታሉ ቅጽ ያስሞላችኋል፣ ሰርተፊኬቱ ይመጣል። ገልፍ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ዋናው ጥያቄ የጋብቻ ወረቀት ነው፤ ከሆስፒታል የልደት ወረቀት ለማውጣት ባብዛኛው የተረጋገጠ የጋብቻ ሰነድ ይፈለጋል።

ወደ ድሬ እንመለስ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ድል ጮራ ሆስፒታልም ተወለድን ቤት፣ አብዛኞቻችን የልደት ሰርተፊኬት የለንም፤ ካለንም የድሮው ነው። ስለዚህ ዘመድ ቀበሌ ሄዶ ምዝገባውን ማስጀመር አለበት። ሰርተፊኬቱ ከወጣ በኋላም አላለቀም። ድሬ የወጣ ወረቀት ውጭ አገር እንዲሠራ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፤ የመጨረሻው ማኅተም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የጀርመን ቢሮ በራሱ መንገድ አጣራለሁ ካለ ደግሞ ወራት ይጨመራል። ከሦስተኛው ወር በፊት ጀምሪ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚያቃጥለው ነገር፦ ስም እና ቀን። መሐመድ ብቻውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? ፓስፖርትሽ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲፕሎማሽ ላይ ሌላ፣ ቀበሌ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ስሜት። የውጭ ቢሮ አንዲት ፊደል ስትለይ "ይቺ ሌላ ሰው ናት" ይላል። ቀኑም እንደዚያው ነው። የእኛና የፈረንጅ ዓመት ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት (ታኅሣሥ 22 ወይም 23) ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ በደፈናው 8 ቀንሶ የሚጽፍ ሰው አንድ ዓመት ያስረጅሻል ወይ ያሳንስሻል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የፓስፖርትሽን ፎቶ ለዘመድሽ ላኪ። "ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን በስልክ አንስተህ ላክልኝ፣ እሺ እስክልህ እንዳይታተም" በይው። ይቺ አምስት ደቂቃ የወራት ሥራ ታድናለች።

የልጁንም ስም አብራችሁ አስቡበት። እኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን ስም ይከተላል፤ እነሱ ዘንድ ቤተሰቡ አንድ የቤተሰብ ስም አለው። መዝገብ ቤቱ በራሱ አካሄድ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ቢያደርገው፣ የአባት ስም ከልጁ ወረቀት ይጠፋል። ነገ ኤምባሲ ስትሄጂ "አባቱ የታል?" ትባያለሽ። አስቀድመሽ መዝገብ ቤቱን ጠይቂ፤ የአባቱ ስም የሚገባበትን መንገድ ካለ ያዢ። ቁርሾ የሚፈጥረውን "በእናቴ ስም እንሰይማት" ክርክርም ያኔውኑ ጨርሱት።

ኒካህ ብቻ ወይም የቤተክርስቲያን ቃል ኪዳን ብቻ ያላችሁ፣ ጋብቻችሁ በሕግ ጋብቻ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውን ሦስቱንም ይቀበላል። ግን ካልተመዘገበ የምታሳዪው ወረቀት የለሽም። አስመዝግቡ። ከአገር ውጭ ላለ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤምባሲና ቆንስላ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

ውክልና፦ ደክሞሽ አትፈርሚ

እርጉዝ ሴት ሁሉን ነገር መገላገል ትፈልጋለች። ወንድም ይደውልና "አንድ ሁሉን አድራጊ ውክልና ላኪልኝ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" ይላል። የፊርማው አደጋ እዚህ ላይ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ንብረቱን መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመስጠት ወይም ለመክሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ይህ ቁጥር 2205 ነው። በተግባር የሚዘጋጁት ረጃጅም ውክልናዎች ግን "ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማስያዝ..." እያሉ ልዩውን ሁሉ አጭቀው ነው የሚመጡት። አንብቢው። ቤት የማይሸጥ ከሆነ "መሸጥ" የሚለው ቃል እዚያ ምን ይሠራል? አስወጪው። እኔ ብሆን ሁለት አወጣለሁ፤ ለወረቀት ጉዳይ አንድ፣ ለኪራይ ሌላ፣ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች። "አታምኚኝም ወይ?" የሚል ይመጣል። ይምጣ።

ባለትዳር ከሆንሽ ሌላም አለ። ድሬዳዋ የምትተዳደረው በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ 213/1992 ነው። በዚህ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ለማከራየትም የሁለቱም ስምምነት ይፈለጋል። ስለዚህ ባልሽ ብቻውን ኤምባሲ ሄዶ የፈረመው ውክልና ድሬ ሲደርስ ይመለሳል። አብራችሁ ሂዱ።

መንገዱ ይህን ይመስላል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ትፈርሚያለሽ፤ ጀርመን ከሆንሽ በርሊን ወይም ፍራንክፈርት። ዋናው ሰነድ አገር ቤት ይላካል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ አይሠራም። ፓስፖርትሽ ሊያልቅበት የደረሰ ከሆነ በዚያው ጉዞ አሳድሺው፤ በዘጠነኛው ወር የሦስት ሰዓት ባቡር አይመከርም። ውክልናውን መሻር ከፈለግሽም በዚያው መንገድ ነው። ተወካዩም፣ መዝገቡ ያለበት ቢሮም በጽሑፍ ማወቅ አለባቸው። በስልክ "ከዛሬ ጀምሮ ተወው" ማለት ምንም አይሽርም።

ያከራየሽው ቤት ካለሽ ውሉን በጽሑፍ አድርጊ። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። "የስድስት ወር በአንድ ጊዜ አስከፍለን ለወሊድሽ እንልካለን" የሚል ዘመድ ካለ ደግነቱን አመስግኚና እምቢ በይ።

እማማ ትምጣ

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ይሄ ነው። ገንፎ የሚያገነፋ፣ አጥሚት የሚያቀርብ፣ ልጁን አጥቦ የሚጠቀልል ሰው ይፈለጋል። እናት ልጇን ማረስ ትፈልጋለች።

መጀመሪያ ፓስፖርቷ። ከዚያ የሸንገን ቪዛ፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል፣ ቢዘገይ ግን ከ15 ቀን በታች መሆን የለበትም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። አሻራ ስለምትሰጥ ራሷ አዲስ አበባ መሄድ አለባት። አንቺ ደግሞ ወጪዋን እንደምትችዪ የሚያረጋግጥ የግዴታ ወረቀት ከምትኖሪበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ታወጫለሽ። ለዚያም ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮው ሩቅ ነው። ስለዚህ ከአራተኛው ወር አትለፊ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ቪዛው ቢበዛ 90 ቀን ነው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ሴት ከሆነችና እናትሽ ከመውለጃሽ ሁለት ሳምንት ቀድማ ከገባች፣ 14 እና 80 ሲደመር 94። ክርስትናው ላይ የለችም ማለት ነው! ለዚያውም ልጅ በቀኑ ከመጣ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ማርፈድ ይወዳል። ሴት ከሆነች እናትሽ እስከ መውለጃሽ ቀን ቆይታ ብትገባ ይሻላል። ሙስሊም ከሆናችሁ ይሄ ጭንቀት የለባችሁም፤ አቂቃው በ7ኛው ቀን ነው፣ እናት ዘና ብላ ትደርሳለች።

ሻንጣዋን በቪዲዮ ፈትሺ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ውጤት ይከለክላል። ቅቤው ይወሰዳል፣ ቋንጣውም ይወሰዳል። እናቶች "ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬዋለሁ" ይላሉ። አይሆንም፣ ንገሪያት። የገንፎ ዱቄት፣ በሶ፣ ምጥን ሽሮ፣ በርበሬ ትያዝ፤ ቅቤውን እዚሁ ገዝታችሁ አንጥሩት። ለሁልበት መረቅ የሚሆነውን አብሽ ከወለድሽ በኋላ እንጂ በእርግዝናሽ ባታበዢው ይሻላል።

ቪዛ ቢከለከልስ? ይከለከላል፣ ብዙ ሰው ይከለከላል። ሁለተኛ እቅድ ይኑርሽ። ጀርመን ውስጥ ሄባመ የምትባለው አዋላጅ ከወለድሽ በኋላ ቤትሽ እየመጣች ታይሻለች፤ ኢንሹራንስሽ እስከ 12 ሳምንት ይሸፍናል። ግን እጥረት ስላለ እርግዝናሽን ባወቅሽበት ሳምንት ደውይ። የከተማሽን የሐበሻ ሴቶችም ቀድመሽ ተዋወቂ። አራስ ጠያቂ ከሌላት አራስ ይልቅ ባዶ ማቀዝቀዣ ያላት አራስ ትብሳለች።

ሄጄ ልውለድ ወይ? ወይስ ደርሼ ልመለስ?

ነፍሰ ጡር ሆነሽ ድሬ ለመሄድ ካሰብሽ፣ በሙቀቱ ላይ ትንኙ አለ። ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ የወባ ወረርሽኝ አይታለች። የ2022ቱን ያባባሰችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከተማ የለመደች ትንኝ ነች፤ በርሜልና ታንከር ውስጥ ባለ ንጹሕ ውሃ ትራባለች። ወባ ነፍሰ ጡርን ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ውጭ ዓመታት ከኖርሽ ደግሞ የነበረሽ መከላከያ ቀንሷል። የግድ ከሆነ ከጉዞው በፊት ስለ ወባ መከላከያ ሐኪምሽን አማክሪ። ብዙ አየር መንገዶች ከ36ኛው ሳምንት በኋላ እንደማያሳፍሩም አትርሺ።

ቁልቢ ተስለሽ ከሆነ ገብርኤል አይቸኩልም። ታኅሣሥ 19 ካለፈ ሐምሌ 19 አለ፣ ከዚያም የሚቀጥለው ዓመት። ስለቱን ልጅሽን ይዘሽ ታስገቢያለሽ፣ ወይ በሰው ትልኪያለሽ። በስምንተኛው ወር በዚያ ሕዝብ መሃል መጋፋት የስለቱ አካል አይደለም።

ስትሄጂ ፋይዳ መታወቂያ አውጪ። አሻራና የዓይን ምስል ስለሚወሰድ ወኪል አያወጣልሽም፤ ባንክ ቤት ደግሞ እየጠየቀው ነው። የእናትሽ ሲም ካርድ በማን ስም እንደሆነም አጣሪ። ቴሌብሯ በጎረቤት ልጅ ስም በሆነ ቁጥር ላይ ከሆነ፣ የምትልኪው ገንዘብ ያረፈው የሰው ኪስ ነው።

የልጁ ዜግነት

ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ላይ ይላል። አሜሪካ ከተወለደ በመወለዱ አሜሪካዊም ይሆናል። ጀርመን ውስጥ ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ፣ ከወላጆቹ አንዱ ቢያንስ 5 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ኖሮ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ልጁ ጀርመናዊ ሆኖ ይወለዳል። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ 378/1996 መሠረት ሌላ ዜግነት በመወለድ ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። እስከዚያው ጊዜ አለሽ። የውጭ ፓስፖርት ከያዘ ደግሞ ቢጫ ካርዱ አለ፤ በአዋጅ 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ቤትም በስሙ ሊኖረው ያስችላል። ካርዱን ስታወጪ የሚጠየቀው ያንቺ ኢትዮጵያዊነት ማስረጃ ነው፤ ዜግነት ብትቀይሪም የድሮ ፓስፖርትሽን ኮፒና የልደት ሰርተፊኬትሽን አትጣዪ።

ሴት ልጅ ይዘሽ ድሬ የምትሄጂ ከሆነ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። "ባህላችን ነው፣ ትንሽ ብቻ" የሚሉ አሮጊቶች ዛሬም አሉ። የሴት ልጅ ግርዛት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 እና 566 ወንጀል ነው። ጀርመን ውስጥም ድርጊቱ ድሬ ቢፈጸም እንኳ ትጠየቂበታለሽ። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ለእናትሽም ለአማትሽም በስልክ ንገሪያቸው፤ እዚያም ስትደርሺ ልጅሽን ለብቻዋ ከማንም ጋር አታሳድሪያት።